ከዋርካው በታች የረገጥሁት

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

ከዋርካው በታች ያለውን የወሰን ድንጋይ ዛሬ ኖራ ቀባሁት። ቦታው እዚያ አይደለም። ይህን የማውቅ እኔ ነኝ። ሌሎቹ የሚያውቁት ሞተዋል።

በቃ፣ ጻፍሁት። አንተ ደብተር፣ ከጥር ጀምሮ ስለ ንቡ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ዝናቡ መቅረት ስነግርህ ከርሜ ይህችን ብቻ እዘላት ነበር። አሁን ወጣች። ምንም አልሆነም። ኩራዙ እንደ በራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ ሲከለል ሽማግሌ ተጠራ፤ ወሰን አሳዩ ተባለ። በእኛ አገር ወሰን በአፍ አይነገርም። ሽማግሌው ይሄዳል፣ ሰው ይከተለዋል፣ እግሩ የረገጠው ይጸናል። ከደጋው ሦስት ሆነን መጣን። ከቆላው፣ ከአበርገሌ ወገን፣ የተጠራው ሰው ቀረ። ሁለቱ ባልደረቦቼ ዐይናቸው ደክሞ ነበር። ፊት የቀደምሁ እኔ ነኝ።

የጥንቱ ወሰን ከዋርካው በላይ፣ በገደሉ ጥግ ነው የሚያልፈው። እንደዚያ ከሆነ ምንጩ ከፓርኩ ውጭ ይቀራል፤ ማንም ከብቱን ያጠጣበታል። እዚያ ስደርስ እግሬ ወደ ታች ዞረ። ከዋርካው በታች አለፍሁ። ምንጩ ውስጥ ገባ። በበጋ ፍየል እየነዱ የሚወጡት ቆለኞች ከዚያ ወዲህ ውኃ የላቸውም።

ለምን? ስለ ሚስቴ፣ ስለ ታለሙሽ። ከምንጩ የሚተርፈው ውኃ ወደ እኛ ሰፈር ነው የሚወርደው። የቆላ ፍየል ባደፈረሰው ቁጥር ታለሙሽ በነጠላ ጫፍ ታጠልላለች። ሆዷ ደካማ ነበር። ያን ዓመት ጭራሽ ተኝታ ነበር የከረመች። ከተከለለ በኋላ ውኃው ጠራ። እስክትሞት የጠራ ጠጣች። ተመስገን፣ ውኃችንን ማን ባረከው ትላለች። እኔ እንስራውን አወርድላታለሁ።

ለነፍስ አባቴ አልተናዘዝሁም። አፌ አልዋሸም፣ እግሬ ነው እያልሁ። አፍ ያልተናገረውን አፍ ምን ብሎ ይናዘዛል? በዚህች ብልሃት አሥር ዓመት ኖርሁ።

ሚያዝያ 20፣ ዓርብ

ኮ/ቴው ተሰበሰበ። ት/ቤት ግቢ፣ ግራሩ ሥር። ዓርብ ነው፤ ነገር ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አይጾምም። ወ/ሮ አበባ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች።

ስማችን የፓርኩ ደጋፊዎች ነው። ደመወዝ የለም። ሻይ አለ፣ እሱም አንዳንዴ። ሰብሳቢያችን መ/ር ንጉሤ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው ነው። የአሥረኛ ዓመቱን በዓል ልጁን እንደሚድር ሰው ነው የያዘው። አበባ ወጥና ጠላ። እኔ የወሰን ድንጋይ ማደስ። ከየቤቱ አንድ ጣሳ ማር ይዋጣል ተባለ። እኔ ሁለት አልሁ። ለምን ሁለት? የከፈልሁ መስሎኝ ይሆናል።

የት/ቤት ልጆች የዱር አራዊት ሆነው ይጫወታሉ። ችግር አለ። ሁሉም ነብር ነኝ ይላል፤ ጅብ የሚሆን ጠፋ። አበባ ጅብ ካጣችሁ ባለቤቴን ላምጣ፣ ልምምድም አያስፈልገው አለች። መ/ር ንጉሤ እንኳ ሳቀ።

ከዚያ የፓርኩ ኃላፊ ተነሣ። ወጣት ነው፣ የሌላ አገር ልጅ፣ ጨዋ። ድንጋዩ ቀርቶ የሲሚንቶ ምሰሶ ሊተከል ነው። መጀመሪያውን የክብር እንግዳው በበዓሉ ዕለት ይተክላል፤ ምንጩ አጠገብ፣ ለፎቶም ያምራል። ሲሚንቶ አይነቃነቅም፣ ከእንግዲህ ክርክር የለም አለ። ቦታውን የሚያሳዩን አባባ ወልዴ ናቸው፣ ወሰኑን ከረገጡት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው አለ።

አጨበጨቡልኝ። እንቁላሉን ሳልጨርስ ኪሴ ከተትሁት።

ሚያዝያ 23፣ ሰኞ

ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስወጣ ኃላፊው በር ላይ ጠበቀኝ። ወደ ምንጩ ሄድን። ከገደሉ የወረደች ሰስ ጠጥታ ሄዳለች፣ ኮቴዋ ጭቃው ላይ አለ። ልጁ በኮቴዋ ደስ አለው፤ ቁጢጥ ብሎ በስንዝሩ ለካው። እኔም ደስ አለኝ። ሰስዋ ምን አደረገች?

ከዋርካው በታች ቆመ። እዚህ ነው አባባ? አለኝ።

ከላይ ገደሉን አየሁ። ከታች ልጁን አየሁ። ችካል በእጁ፣ መዶሻ በእጁ።

አዎ አልሁ።

መታው። ሦስቴ እንኳ አልፈጀበትም።

ደብተሬ፣ ያች ብልሃቴ አበቃች። አሁን አፌም ገባበት።

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ። ጧት

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ሽንኩርታቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው፤ በጣሳ፣ እየቆጠቡ። ተናገርሁ፣ ከነእግሬ ከነአፌ። ስግደት ይስጡኝ አልሁ። ብዙ ይስጡኝ፣ ጨርሼ ልረፍ።

ሳቅ አሉ። በዓለ ሃምሳ አይደል? ስግደት የለም፣ ጾም የለም፣ የደስታ ወራት ነው። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ና፣ እስከዚያ ወገብህን አስታም አሉኝ።

በዓሉ ከጰራቅሊጦስ በፊት ነው። ምሰሶውም።

የበደልኸው ማን ነው? አሉ። ሰው አይደለም አባ፣ ፍየል ነው አልሁ። ይህን ስናገር ቀልድ አልነበረም። እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ፍየል ሌላ ውኃ ትሄዳለች።

ፍየሏ ባለቤት የላትም? አሉና ጣሳቸውን አነሡ።

ተበሳጭቼ ወጣሁ። ቅጣት ልቀበል ሄጄ ጥያቄ ተሸክሜ መጣሁ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ። ልደታ

ንፍሮው ተበላ። ገበያ ወጣሁ፣ የቀለም ብሩሽ ገዛሁ። ቆለኞች ከፍየላቸው ጋር ገበያው ዳር ቆመዋል። የከሳ ፍየል፣ ገዢ የለው። አንዱ ሽማግሌ ጥርሱን እየፋቀ ሰላም አለኝ። ሰላም አልሁ። ፈጥኜ አለፍሁ።

ከሰዓት ኮ/ቴ። መ/ር ንጉሤ ቆለኞቹ በበዓሉ መገኘት አለባቸው፣ አሥር ዓመት እንደተቆጡ ናቸው፣ እንግዶቹ ፊት ባዶ ቦታ ይታያል አለ። ማን ወርዶ ይጥራ? አገውኛ አጥርቶ የሚናገር? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ወገቤን አልሁ።

አበባ፦ ለኖራ ጊዜ ይህ ወገብ የት ነበር አያ ወልዴ?

ሳቁ። ዓርብ እወርዳለሁ።

ግንቦት 4፣ ዓርብ። አበርገሌ

ሌሊቱ ሳይነጋ ወጥቼ ቀትር ላይ ደረስሁ። ሙቀቱ ሌላ ነው። ዛፉ ሁሉ እንጨት፣ ቅጠል የለው። ደብተሩን ይዤ መውረዴ ጅልነት ነው፤ ግን ብቻዬን ከምሆን።

ሰዎቹ ወደ ለተብርሃን ቤት መሩኝ። ሽማግሌዎቹ የሚሰሟት ሴት ናት አሉኝ። ባሏ የሞተባት፣ እንደ እኔው። ዕድሜዋም ከእኔ ብዙ አይርቅ። ቢሆንም እንግዳ ነኝና እርስዎ እያለች አስተናገደችኝ። በረቱ ውስጥ ፍየል ጥቂት። ድሮ ይህ በረት ይሞላ ነበር ትላለች። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ሑመራ ናቸው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደው በዚያው ቀሩ። ፍየል ሲያልቅ ምን ይጠብቁ አለች።

ጥሪውን ነገርኋት። ሳቀች። ውኃችንን የዘጋችሁበትን ቀን ልናከብር? እልል ልበልላችሁ? አለችኝ።  ቀጥላ ጠላ ቀዳችልኝ። የእሷ ቤት ጠላ አልነበረም፤ ከጎረቤት ነው ያስመጣችው። እዚህ ቤት ጠላ አይጠመቅም፣ ከባሌ ጊዜ ጀምሮ አለች።

ለምን ብዬ ባልጠየቅሁ።

ባሏ ግደይ። ያን ዕለት ወሰን ለመርገጥ ከቆላው የተጠራው ሰው እሱ ነበር። ሰርግ ሄዶ ቀረ። የእህቱ ልጅ ሰርግ። ሲመለስ ወሰኑ ተረግጦ ምንጩ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ስም ወጣለት። ውኃውን በጠላ የሸጠ አሉት። ፍየል በሞተ ቁጥር፣ ልጅ ወደ ሑመራ በሄደ ቁጥር። ጠላ ተወ፣ አልማሩትም። ሕፃናት እንኳ ሲያልፍ ቆርቆሮ እየመቱ ሰርገኛ መጣ ይላሉ። እኔም አልተውሁት አለች። በየማታው ጠጣኸን? እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝ። እንዲሁ አንገቱን እንደ ደፋ ሞተ።

ስታወራ ገመድ እየገመደች ነው። እጇ አልቆመም።

እኔ የግደይን መልክ አላውቀውም። ያን ዕለት አለመምጣቱን ብቻ አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ ቅዳሜ

አልነገርኋትም። ጧት ልነግራት ብዬ ተነሣሁ፤ ገንፎ አቀረበች። ከገንፎ በኋላ አልሁ፤ ጎረቤት ገባ። ጎረቤቱ ሲወጣ እሷ ወደ በረት። ሰበብ የሚያጣ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ እንመጣለን አሉ። እሷም ትመጣለች። ስሸኝ አንዲት የፍየል ግልገል አምጥታ ገመዷን አስያዘችኝ። ለበዓላችሁ፣ ባሌ ቀረ ተብሎ እኔም እንዳልቀር አለች። አንድ ነገር ግን። የግደይን ስም እዚያ ማንም እንዳያነሣው፣ ሰው ይስቅበታል።

እሺ አልሁ።

ግንቦት 6፣ እሁድ

ግልገሏን እየጎተትሁ ወጣሁ። መንገድ ላይ አደርን፣ ዋሻ ውስጥ፣ እኔና እሷ። ጧት ከዋርካው ስንቃረብ ውኃው ሸተታት። ጎተተችኝ፣ ጮኸች፣ ተንበረከከች።

የፓርኩ ጠባቂ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። የሰፈሬ ልጅ ነው። አያ ወልዴ፣ ይቺ እንኳ አትገባም፣ ወሰኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለ አለኝ፤ በትሕትና።

ግልገሏን ቁጥቋጦ ላይ አሰርሁ። እኔ ሰው ነኝና ገባሁ። በባርኔጣዬ ቀድቼ አወጣሁላት። ጠጣች። ደግሜ ቀዳሁ። ጠባቂው ዞር ብሎ ሲጋራውን አጨሰ።

ስንት ባርኔጣ ይበቃል ለአንድ አገር ፍየል?

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

ምሰሶዎቹ መጡ። በመኪና እስከ ት/ቤቱ፣ ከዚያ በአህያ፣ ከዚያ በሰው ጀርባ። ቀይና ነጭ የተቀቡ። ከባድ ናቸው። ወጣቶቹ እየዘፈኑ ተሸከሙ፤ በጎ ፈቃድ ነው፣ አንድም ሰው ክፈሉኝ አላለ። እነዚህ ልጆች ፓርኩን ይወዱታል። ዛፉ ሲመለስ ያዩ ናቸው። እኔም እወደዋለሁ። ይህን ልጻፍ፤ እውነት ነውና። ተራራው ራሰ በራ ነበር፣ አሁን ጥድ አለው። የከፋው ተራራው አይደለም። አንዲት ቦታ ናት፤ ከዋርካው በላይና በታች ያለችው።

ታለሙሽ ብታውቅ ውኃውን ትተወው ነበር ወይ? የወሰን ድንጋዮቹን ስቀባ ሳስብ ዋልሁ። ትተወው ነበር። እንደ ድሮዋ በነጠላ ታጠልል ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው ያልነገርኋት። እንግዲህ ለእሷ ብዬ አይደለም ማለት ነው። እንዳትሞትብኝ ነው። ለራሴ።

ብሩሹን ሳላጥብ ቀረሁ። ደርቆ ተበላሸ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ። ሚካኤል

ትናንት ተመልሼ ወረድሁ። ለኮ/ቴው የዘነጋሁት መልእክት አለ አልሁ። አበባ አያ ወልዴ ቆላ ሚስት አገኙ እንዴ አለች። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ደስታ ላይ ነው።

ለተብርሃን በረት ውስጥ ነበረች። ቆሜ ተናገርሁ። ቁጭ ብል የምተወው መሰለኝ። ግደይ ቢመጣም ባይመጣም ያው ነበር፣ እግሬን ያዞርሁት እኔ ነኝ፣ ለሚስቴ ውኃ ብዬ አልኋት። ቢመጣ ኖሮ ግን አላዞርም ነበር፤ ይህንንም ነገርኋት። ሁለቱም እውነት ሆኑ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

እያለበች ነበር። ማለብዋን አልተወችም። የፍየሏ ወተት እስኪቆም ድረስ አለበች።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልሁ።

እርስዎ ማለቷን ትታ አንተ አለችኝ። ይቅርታህን ፍየሎቼ ይጠጡታል? አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፦ አንተ ውኃዬን ነው የወሰድህ። ባሌን ግን እኔ ነኝ የገደልሁት፣ በየማታው፣ በአንተ ውሸት። አሁን ይህን ነገርኸኝ። ምን ላድርገው?

 

ቅሏን አስቀምጣ፣ ለእኔ አትንገረኝ አለች። ቆርቆሮ የመቱበት ሰዎች ባሉበት ንገር። ስሙን ጥራው። ሰው ይስቃል ብዬ ነበር የፈራሁ፤ አሁን ይስቁ፣ ግን በአንተ ይስቁ። ካልተናገርህ እኔ አላጋልጥህም፤ ምስክርም የለኝ። ለእግዜር እተወዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሥራ በዝቶበታል።

ገንፎ አልቀረበም። ውኃ ሰጠችኝ፣ ለመንገድ። ጨው ጨው የሚል፣ ከሩቅ ወንዝ የተቀዳ። ጠጣሁት።

ግንቦት 15፣ ማክሰኞ

መ/ር ንጉሤን ለብቻው ይዤ ነገርሁት። ልቡ ደግ ነው። ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደ ገና አወለቀ። አያ ወልዴ፣ ከበዓሉ በኋላ አለኝ። በጽሑፍ እናቀርባለን፣ እኔ ራሴ እጽፍልዎታለሁ፣ በሥርዓት ይታያል። አሁን ግን እንግዳ ተጠርቷል፣ በሬ ተገዝቷል፣ ልጆቹ ደክመዋል። የአሥር ዓመት ነገር አምስት ቀን ቢጨምር ምን አለበት?

ሲሚንቶው? አልሁ።

ሲሚንቶም ይፈርሳል አለ። ኃላፊው አይነቃነቅም ብሎ ሲናገር መ/ር ንጉሤ አጠገቡ ነበር የተቀመጠ። እንዳላስታወስሁ ሆኜ ወጣሁ።

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። ከበዓሉ በኋላ የምትለው ቃል እንደ ጋቢ ሞቀችኝ። ቤት እስክገባ።

ግንቦት 17፣ ኀሙስ

ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ችካሉ ባለበት። መሬቱ ጠጣር ነው፤ ከጉልበት አላለፈም። ግንበኛው ይበቃል አለ። ልጆቹ ትርኢታቸውን አጠኑ። ጅብ ተገኘ፤ አጭሩ ልጅ ነው፣ ሥጋ ይሰጥሃል ተብሎ እሺ አለ።

የለተብርሃንን ግልገል አበባ በጓሮዋ አስራታለች። ቅጠል ታበላታለች። ይቺን የሚያርድ እኔን ይረድ ትላለች አሁን። ተቆራኝተዋል።

ሁለት ቀን ቀረ። ጸሎት አደረግሁ፣ አጭር። አፌን ክፈትልኝ አላልሁም። እንዳልከፍተው ምክንያት አታብዛብኝ አልሁ።

ግንቦት 18፣ ዓርብ

በሬው ታረደ። ሰፈሩ ሽታ ሽታ። መ/ር ንጉሤ ነጭ ሸሚዝ አስተኩሶ ሁለት ጊዜ አሳየን። እኔን የክብር እንግዳው ጎን ቆሜ በበትር ቦታውን እንዳሳይ አዘዘኝ፤ ምንም መናገር አያስፈልግም፣ ማሳየት ብቻ አለ። ዐይኔን አላየም።

መናገር አያስፈልግም። ያኔም አላስፈለገም ነበር።

ግንቦት 19፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ምሰሶው አልተተከለም። ኃላፊው ወሰኑ እንደ ገና በሁለቱም ወገን ይታያል፣ እስከዚያ ይቆይ ብሏል። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ውኃው ይመለስ አይመለስ አላውቅም። መ/ር ንጉሤ አላናገረኝም፤ ሸሚዙ ላይ ወጥ ፈሷል፣ ማን እንደደፋበት አላየሁም። አበባ ሥጋ በሣህን ልካልኛለች። አልቀመስሁትም፣ ነገ ይሆናል።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ፣ እጄ ሳይደክም።

እንግዶቹ ዘግይተው መጡ። የልጆቹ ትርኢት ጥሩ ነበር። ነብሮቹ በዙ፣ ጅቡ አንዱን ነብር እውነት ነከሰው፣ ተላቀሱ፣ ሰው በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ምንጩ ወረደ። ቆለኞቹ መጥተዋል። ከሰው ለየት ብለው፣ ፀሐዩ ላይ፣ በትራቸውን ተደግፈው። ለተብርሃን ከሴቶቹ መካከል። ሰላም አላለችኝም።

ግንበኛው ሲሚንቶውን ለውሷል። ምሰሶውን ሁለት ወጣቶች አቆሙት፤ የክብር እንግዳው እጁን ጫነበት። ፎቶ አንሺው ተዘጋጀ። መ/ር ንጉሤ ስሜን ጠራ፤ ወሰኑን ከረገጡት አባቶች የቀሩት አለ። አጨበጨቡ። በትሬን አነሣሁ።

አላመለከትሁም። ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ።

አስቤበት አይደለም። ዳር ቆሜ ብናገር ሽማግሌው አጉረመረመ ብለው ይተክሉት ነበር፤ ያን ያወቀው እግሬ ነው መሰለኝ። እስከ ጉልበቴ ቆሜ ቀረሁ። መ/ር ንጉሤ አያ ወልዴ ምን ወደቀብዎት? አለ። አበባ፣ እሷ መቼም፣ ሰውየው መቃብሩን ለካ አለች። ተሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ወሰኑ እዚህ አይደለም አልሁ። ከዋርካው በላይ ነው፣ በገደሉ ጥግ። ምንጩ የሁሉም ነው። እኔ ነኝ ወደ ታች የዞርሁ፤ ለቤቴ የጠራ ውኃ ፈልጌ። የዛሬ ወር ኃላፊው ጠይቆኝ አዎ ብያለሁ፤ እሱም ውሸት ነው። ኃላፊው እርግጠኛ ነዎት አባባ? አለኝ። የዛሬውን ነኝ አልሁ።

የሰፈሬ ሰዎች ተንጫጩ። ውኃው የእነሱም ነውና። አንዱ አውጡት አለ። የሚያወጣኝ ግን አልመጣም። የክብር እንግዳው እጁን ከምሰሶው ላይ አነሣ፤ ጧት ለበዓሉ ተደግሞ የተቀባው ቀለም አልደረቀም ነበርና መዳፉን አየ።

ቆለኞቹ አማርኛዬን ግማሹን ነው የያዙ። ከኋላ ያሉት እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ የገበያው፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል። ለተብርሃን መሬት መሬት ታያለች።

ጀርባዬን ለእንግዶቹ ሰጠሁ። በአገውኛ፣ የግደይን ስም ከነአባቱ ጠርቼ፣ ግደይ ውኃችሁን አልሸጠም፣ የወሰድሁት እኔ ወልዴ ነኝ አልሁ።

ከኋላ አልሰማንም አሉ።

ደገምሁት።